ጆርጅ ሶሮስ፦ ፓውንዱን ሸጦ ያተረፈው በምን ስልት ነው? ገንዘቡስ የት ደረሰ?

አቤል_ዘቦሌ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ የሚወራው ሁሉ ወይ እርግማን ነው ወይ ውዳሴ። እኔ የምፈልገው የሥራውን ሒሳብ ነው። እባካችሁ የገበያውን ነገር የምታውቁ አብራሩልኝ።

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 «የእንግሊዝን ባንክ ሰበረ» ሲባል በእጁ የሌለውን ፓውንድ እንዴት ሸጠ? ከማን አግኝቶ፣ ለማን? ሁለተኛ፣ የአንድ ትልቅ አገር ማዕከላዊ ባንክ ለአንድ ፈንድ የሚሸነፈው እንዴት ነው? ወለድ ጨምሮ ማባረር አይችልም ነበር? ሦስተኛ፣ ለበጎ አድራጎት ሰጠ የሚባለው ገንዘብ በትክክል ምን ላይ ዋለ? የከሸፈውንም ጨምሩልኝ። በመጨረሻ ደግሞ በሰፈራችን የሚነሳ ክርክር አለ፦ እንዲህ ዓይነት ሰው ብርን ሊጥል ይችላል ወይ?

ወለድና_ዋና

አቤል፣ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ በጥቅምት 1990 የአውሮፓ የምንዛሪ ተመን ሥርዓት ውስጥ ገባች። አንድ ፓውንድ በ2.95 የጀርመን ማርክ ታሰረ፤ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም 6 በመቶ መወዛወዝ ይፈቀድለታል። የታችኛው ወለል 2.778 ማርክ ነው። ፓውንዱ እዚያ ሲደርስ የእንግሊዝ ባንክ የቀረበለትን ፓውንድ ሁሉ በዚያ ዋጋ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ገደብ የለውም። ይህን ግዴታ በደንብ ያዙልኝ፣ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው።

አሁን ስሌቱን በትንሹ እንሥራው። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ትበደራለህ። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው። ወዲያውኑ በ2.80 ትሸጠውና 2,800,000 ማርክ ይዘህ ጀርመን ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ እዚያም 9.5 በመቶ ገደማ ወለድ ይከፈልሃል። የምትከፍለውና የምታገኘው ሲቻቻል ቦታህን ይዘህ ለመቆየት የሚያስወጣህ በዓመት ግማሽ በመቶ፣ ማለትም በወር 400 ፓውንድ ገደማ ነው። ፓውንዱ ወደ 2.50 ከወረደ ብድርህን ለመመለስ የሚያስፈልግህ 2,500,000 ማርክ ብቻ ነው። 300,000 ማርክ ኪስህ ይገባል፤ ወደ ፓውንድ ስትመልሰው 120,000 ነው። መንግሥት አሸንፎ ፓውንዱ ወደ 2.85 ቢወጣ ግን የምትከስረው 50,000 ማርክ፣ ከ18,000 ፓውንድ በታች ነው። ዘጠኝ አሥረኛው ጨዋታ ያለቀው እዚህ ላይ ነው፦ ብትሳሳት የምታጣው ትንሽ፣ ከቀናህ የምታገኘው የዚያን ስድስት ሰባት እጥፍ።

በተግባር ግን ሶሮስ ሻንጣ ሙሉ ፓውንድ አልተበደረም። ፈንዱ ከትልልቅ ባንኮች ጋር የፎርዋርድ ውል ይፈራረማል፦ «ከሦስት ወር በኋላ ይህን ያህል ፓውንድ በዚህ ዋጋ እሸጥልሃለሁ» የሚል ነው። የሚያስይዘው ከጠቅላላው መጠን ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ በትንሽ ካፒታል ትልቅ ውል ይያዛል። ውሉን የተቀበለው ባንክ ደግሞ ራሱ ለአደጋ መጋለጥ ስለማይፈልግ በዚያው ሰዓት ፓውንድ ተበድሮ ገበያ ላይ ይሸጣል። የተሸጠው ፓውንድ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ የሚያርፈው ግዴታ ካለበት ገዢ ዘንድ ነው፤ እሱም የእንግሊዝ ባንክ ነው። ሶሮስና ባንኩ ፊት ለፊት አልተገናኙም፣ መገናኘትም አላስፈለጋቸውም።

የሶሮስ ኳንተም ፈንድ (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚነግድ ነው) በነሐሴ 1992 ፓውንድ ላይ የያዘው የሽያጭ ውል 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሐሳቡን ያፈለቀውና ፈንዱን በዕለት ተዕለት የሚመራው ስታንሊ ድራከንሚለር ነው። የሶሮስ ድርሻ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፦ ነገሩ እርግጠኛ ከሆነ ለምን በዚህ ታንሳለህ ብሎ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንዲያድግ ገፋው። 10 ቢሊዮን ላይ የአሥር በመቶ ውድቀት አንድ ቢሊዮን ነው፤ «በአንድ ቀን ቢሊዮን አተረፈ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ውሉ የተገነባው በሳምንታት ነው፣ ትርፉም የተሰበሰበው እንግሊዝ ከሥርዓቱ ከወጣችባት ረቡዕ በኋላ ፓውንዱ እየወረደ ሲሄድ ነው። በጎን ደግሞ የእንግሊዝ አክሲዮኖችንና የጀርመንና የፈረንሳይ ቦንዶችን ገዝተው ነበር፤ ፓውንዱ ሲረክስ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ኤክስፖርት ይቀናቸዋል ብለው።

ትንሿ_ኢኮኖሚስት

ወለድና ዋና በደንብ አስቀምጦታል። እኔ የባንኩን ወገን ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ወለድ ቢጨምሩ ኖሮ» ይላል። ጨምረዋል እኮ!

መስከረም 16 ቀን 1992፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ (በለንደን አቆጣጠር) ወለዱ ከ10 ወደ 12 በመቶ ወጣ። ፓውንዱ አልተነቃነቀም። ከቀኑ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ከነገ ጀምሮ 15 በመቶ ይሆናል ተባለ። አሁንም ምንም። ማምሻውን የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት ወጥቶ እንግሊዝ ከሥርዓቱ መውጣቷን አስታወቀ፤ 15 በመቶው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ለምን አልሠራም? ያንኑ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ምሳሌ ተከተሉ። በ10 በመቶ የቀን ወለዱ 274 ፓውንድ ነው። በ15 በመቶ 411 ፓውንድ ይሆናል። በቀን 137 ፓውንድ ተጨመረበት ማለት ነው፤ በሳምንት ውስጥ 120,000 ፓውንድ አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ በዚህ ይደነግጣል? ለአንድ ወር ቢቆይ ኖሮ እንኳ 4,000 ገደማ ነው። ወለድ ሊያስፈራ የሚችለው ገበያው «እስከ መጨረሻው ይዘልቁበታል» ብሎ ካመነ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ማንም አላመነም፦ አገሪቱ ከ1990 ጀምሮ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፣ የእንግሊዝ የቤት ብድር ደግሞ በብዛት ተለዋዋጭ ወለድ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ አምስት በመቶ ሲጨምር የሚሊዮኖች ቤተሰብ የወር ክፍያ ብዙም ሳይቆይ አብሮ ይወጣል። ይህን የቤት ብድር ነገር ለሶሮስ ሰዎች አጥብቆ ያነሳው በለንደን ቢሯቸው ይሠራ የነበረው ወጣቱ ስኮት ቤሰንት ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ሰውዬ ራሱ ነው፤ ዓለም ጠባብ ናት።

ከዚያ በፊት የተሠራው ስህተት ግን ይብሳል። መስከረም 3 ቀን መንግሥት ፓውንዱን ለመከላከል 10 ቢሊዮን ኤኩ (ከዩሮ በፊት የነበረ የአውሮፓ የሒሳብ መለኪያ፤ 7.25 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ) እንበደራለን ብሎ በይፋ አወጀ። ዓላማው ማስፈራራት ነበር። ሻጩ ግን የሰማው «ይህን ያህል የሚገዛ አለ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ትልቅ መጠን መሸጥ የሚፈልግ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ገዢ ማጣት ነው፤ እነሱ ገዢውን ከነመጠኑ አሳወቁት። መስከረም 13 ቀን የጣሊያን ሊሬ 7 በመቶ ዋጋው እንዲወርድ ተደረገ። መስከረም 15 ምሽት ደግሞ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሄልሙት ሽሌሲንገር ሌሎችም ገንዘቦች ጫና ሊደርስባቸው ይችላል የሚል አዝማሚያ ያለው አስተያየት ሰጥቷል ተብሎ ወሬው ወጣ። ጀርመኖቹ ምሥራቅ ጀርመንን ከተረከቡ በኋላ የዋጋ ንረት ስላስፈራቸው ወለዳቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር፤ ለለንደን ብለው ሊያወርዱት አልፈለጉም። ማርኩን የያዘው ወገን እየረዳህ ካልሆነ ፓውንዱን ከታች መደገፍ አይቻልም።

የግምጃ ቤቱ ሰነድ በ2005 ሲወጣ የኪሳራው ግምት 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። ሶሮስ ከዚህ የወሰደው አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የቀረውን የወሰዱት ባንኮች፣ የኩባንያ ግምጃ ቤቶችና ሌሎች ፈንዶች ናቸው። ሶሮስ ባይኖር ኖሮ ፓውንዱ ይተርፍ ነበር የሚል ካለ፣ ሊሬውን ማን እንደጣለው ይንገረኝ።

አቤል_ዘቦሌ

በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ግን ሁሌ እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ባንክ ተሸናፊ ነው ማለት ነው? የተከላከለ የለም?

ትንሿ_ኢኮኖሚስት

አለ። ስዊድን በዚያው ቀን የአዳር ወለዷን ወደ 500 በመቶ አወጣችው። 500! በዚህ መጠን በእኛ ምሳሌ የቀን ወለዱ 13,700 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ያማል። ለሁለት ወር ያህል ጊዜ ገዛላት፤ በኅዳር ግን ክሮናውን ለቀቀችው። እውነተኛ ድል የምለው የሆንግ ኮንግን ነው። በ1998 ነጋዴዎቹ በሁለት ወገን መጡ፦ የሆንግ ኮንግ ዶላርን ይሸጣሉ፣ ወለድ ሲወጣ አክሲዮን እንደሚወርድ ስለሚያውቁ አክሲዮኑንም አስቀድመው ሾርት ያደርጋሉ (ተበድረው ይሸጡና ሲወርድ ገዝተው ይመልሳሉ)። የሆንግ ኮንግ የገንዘብ ባለሥልጣን በነሐሴ ወር 118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አውጥቶ አክሲዮን ገዛ፤ ሁለተኛውን እግራቸውን መታው። እሷ ያሸነፈችው ግን ክምችቷ እጅግ ትልቅ ስለነበር፣ በጀቷም ጤነኛ ስለነበር ነው። ባዶ ካዝና ይዞ ይህን የሚሞክር አገር ክምችቱን አራግፎ ይቀራል።

የዋል_ስትሪት_አዛውንት

የ1992ቱ ብቻ ሲነሳ ሰውየው ከሰማይ የወረደ ይመስላል። በፊት የሠራውን ባጭሩ ላስቀምጥላችሁ፤ ስልቱ ከዚያ ይገባችኋል።

ቡዳፔስት ነሐሴ 12 ቀን 1930 ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ሽዋርትዝ ነበር፣ በ1936 ሶሮስ ተባለ። በ1947 ለንደን ገባ፣ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ፈላስፋው ካርል ፖፐር እዚያ መምህር ነበር፣ «ክፍት ማኅበረሰብ» የሚለው ሐሳብም የተወሰደው ከእሱ ነው። በ1956 ኒው ዮርክ ሄዶ አርቢትራጅ ነጋዴ ሆነ፤ አንድ አክሲዮን በአውሮፓና በአሜሪካ በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ከርካሹ ገዝቶ በውዱ መሸጥ ማለት ነው። በ1963 የኬኔዲ መንግሥት አሜሪካውያን በሚገዟቸው የውጭ ሰነዶች ላይ ግብር ሲጥል ያ ሥራ አከተመ። ከዚያ ወደ ፈንድ ዞረ፤ በ1969 ዳብል ኢግል የሚባለው ፈንድ በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጀመረ። ከጂም ሮጀርስ ጋር ሆኖ በ1973 ለብቻው ወጣ፣ ፈንዱ ቆይቶ ኳንተም ተባለ።

ሀብቱ የመጣው ከደመወዝ አይደለም። የፈንድ አስተዳዳሪ ከትርፉ ድርሻ ይወስዳል፤ እሱ ድርሻውን አውጥቶ ከመብላት ይልቅ እዚያው ፈንድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ያም መልሶ ይወልዳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲባዛ ማንም የሚያስበው ቁጥር አይደለም።

የአስተሳሰቡን ነገር በአንድ ምሳሌ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለግንባታ የሚያበድሩ የሪል እስቴት ትረስቶች በዝተው ነበር። አንድ ትረስት በአንድ አክሲዮን 10 ዶላር ሀብት አለው፣ 12 በመቶ ያተርፋል እንበል፤ ትርፉ በአክሲዮን 1.20 ነው። ገበያው ወዶት ዋጋው 20 ዶላር ይደርሳል። ትረስቱ በዚያ ዋጋ ሌላ አንድ አክሲዮን ይሸጣል። አሁን ሀብቱ 30 ዶላር በሁለት አክሲዮን ሆነ፣ ለእያንዳንዱ 15። በዚያው 12 በመቶ ትርፉ 1.80 ይሆናል። ምንም የተሻለ ሥራ ሳይሠራ ትርፉ በግማሽ አደገ! ገበያውም «እያደገ ነው» ብሎ ዋጋውን ይጨምርለታል። ዋጋው ሥራውን ብቻ አያሳይም፣ ሥራውን ይለውጠዋል። ሶሮስ መጀመሪያ ገዝቶ አተረፈ፤ መጥፎ ብድሮች ሲከማቹ ደግሞ ተመልሶ ሾርት አድርጎ አተረፈ። የትምህርቱ ሁሉ ጨመቅ ይህ ነው፤ መጽሐፎቹ ላይ ያለው ፍልስፍና በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ የተንዛዛ ነው።

ኪሳራውንም ጻፉለት እንጂ። በ1981 ፈንዱ ከአምስት አንዱን በላይ አጣ። በጥቅምት 1987 በጃፓን ይመጣል ያለው ውድቀት በአሜሪካ መጥቶ ትልቅ ኪሳራ ደረሰበት፤ ወርዶ መጨረሻው ላይ በሚገኝ ዋጋ ሸጠ። በየካቲት 1994 በጃፓን የን 600 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1998 ሩስያ ላይ 2 ቢሊዮን፣ በ1999 የኢንተርኔት አክሲዮኖች ይወድቃሉ ብሎ 700 ሚሊዮን። የመጨረሻው የሚገርመው ነው፦ አሳቡ ትክክል ነበር፣ ወቅቱን ግን ሳተው። ከዚያ ተገልብጠው ያንኑ አክሲዮን ገዙና በ2000 ሲፈርስ እንደገና ተመቱ፤ ድራከንሚለር በዚያ ዓመት ሚያዝያ ለቀቀ።

የሕግ ጠባሳም አለ። በ1988 ሶሲዬቴ ዤኔራል የተባለውን የፈረንሳይ ባንክ ለመያዝ የሚደረግ ጥረት መኖሩን አውቆ አክሲዮኑን ገዝቷል ተብሎ በ2002 ፓሪስ ላይ ተፈረደበት፤ 2.2 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት፣ በኋላ ተቀነሰለት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2011 አቤቱታውን 4 ለ3 ጣለበት።

ሰናይት_ፕሮጀክት

ወደ በጎ አድራጎቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ደግሞ «32 ቢሊዮን ሰጠ» ብሎ ማለፍ ምንም አያስተምርም (ቁጥሩ የሶሮስ ፋውንዴሽን፣ ኦፕን ሶሳይቲ፣ ራሱ የሚጠቅሰው ነው፣ ከዚያ በላይ ይላል)። እንዴት እንደተሰጠ እንይ።

የመጀመሪያው ሙከራ 1979፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ። ለጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ወጪ መሸፈን። ሐሳቡ ዘረኛው መንግሥት ለተማሪ የሚመድበውን በጀት ለጥቁሮች መጠቀሚያ ማድረግ ነበር። ከሸፈ። ገንዘቡ በከፊል ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ሲያወጣ የነበረውን ተካ እንጂ አዲስ ተማሪ በሚፈለገው መጠን አልጨመረም፤ ተማሪዎቹም በዚያ ግቢ የባይተዋርነት ኑሮ ነበር የሚኖሩት። ያሉትን አስጨርሶ ተወው። ፕሮጀክት የምትጽፉ ልጆች ይህን ልብ በሉ፦ ለጋሽ ሲመጣ የተቋሙ የራሱ በጀት ከሸሸ፣ ስጦታው ለተቋሙ ካዝና ነው የገባው። ውል ላይ «ያለፈው ዓመት በጀት ሳይቀነስ» የሚል አንቀጽ ካልገባ ሁሌም ይሆናል።

ሁለተኛው ሀንጋሪ፣ 1984። ይህ ለእኔ ከሁሉም የረቀቀው ነው። ኮሚኒስቱ መንግሥት ገና ሥልጣን ላይ ነው፣ ማባዣ ማሽን በቁልፍ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። ፋውንዴሽኑ በዶላር ፎቶኮፒ ማሽኖችን ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ተቋማት አቀረበ፤ በነጻ ሳይሆን በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት። ተቋማቱ ፎሪንት አላቸው፣ ዶላር የላቸውም። የተሰበሰበው ፎሪንት ደግሞ ለደራሲ፣ ለተመራማሪ፣ ለቲያትር ቡድን ድጋፍ ሆኖ ተከፋፈለ። አንዲቷ ዶላር ሁለት ጊዜ ሠራች። ፖለቲካውም ተያይዞ ሄደ፦ ማሽኑ አንዴ ከገባ ማን ምን እንዳባዛ መቆጣጠር አይቻልም። የዓመቱ በጀት 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዚህ መጠን የተገኘው ውጤት በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች ካወጣው ጋር ሲነጻጸር ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው የሶቪየት ሳይንቲስቶች። አገሩ ፈርሷል፣ ደመወዝ የለም። በ1992 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከዚያ ውስጥ ለመጀመሪያ እርዳታ የወጣው ለአንድ ሰው 500 ዶላር፣ ከ20,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች ነበር። በዚያ ጊዜ ሩስያ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዓመት የሚያኖር ገንዘብ ነው። መስፈርቱ ኮሚቴ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አልነበረም፤ ባለፉት አምስት ዓመታት በታወቁ ጆርናሎች ሦስት ጽሑፍ ያሳተመ፣ አለቀ። ማንም የቢሮ ኃላፊ ለዘመዱ ሊያደላበት የማይችል መስፈርት ነው። ድክመቱም አለ፦ ምስጢራዊ ምርምር ላይ የነበረና ማሳተም ያልተፈቀደለት ሰው ከዚህ ይወድቃል።

ሳራዬቮን ጨምሩበት። በ1992 መጨረሻ 50 ሚሊዮን ዶላር ለተከበበችው ቦስኒያ ተሰጠ። ሰዎች ውኃ ለመቅዳት ወንዝ ዳር ሲወርዱ በአነጣጣሪ ተኳሾች ይመቱ ነበር። ፍሬድ ኪዩኒ የሚባል ቴክሳሳዊ መሐንዲስ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያውን በክፍል በክፍል አሠርቶ፣ ክፍሎቹ በሲ-130 አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ለጥቂት እንዲገቡ አድርጎ ለካቸው። ሲደርሱ መድፍ እንዳያገኛቸው በመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ተተከሉ፣ ውኃው ከሚልያትስካ ወንዝ ተሳበ። ታዲያ ምን ሆነ? ሁሉ ነገር አልቆ የከተማው ባለሥልጣናት በውኃው ጥራት እያመካኙ ለወራት እንዳይከፈት ያዙት። የቴክኒኩን ነገር ሁሉ ፈትቶ ፈቃድ ላይ መቀርቀር ለኛ አገር የፕሮጀክት ሰው አዲስ አይደለም። (ኪዩኒ በ1995 ቼቺኒያ ውስጥ ጠፍቶ ቀርቷል።)

ወለድና_ዋና

ሰናይት፣ የ2017ቱን 18 ቢሊዮን ረሳሽው።

ሰናይት_ፕሮጀክት

ልመጣበት ነበር። በጥቅምት 2017 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ለኦፕን ሶሳይቲ ፋውንዴሽኖች መዛወሩ ታወቀ። የግብሩን ነገር አንተ ብታስረዳው ይሻላል።

ወለድና_ዋና

እሺ። የሄጅ ፈንድ (እንደ ኳንተም ያለ ፈንድ) አስተዳዳሪዎች ከውጭ አገር ፈንዳቸው የሚያገኙትን ክፍያ ሳይቀበሉ እዚያው እንዲያድግ ማቆየት ይችሉ ነበር፤ ግብሩም አብሮ ይዘገያል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 ይህን በር ዘጋ፤ ቀድሞ የተከማቸውንም እስከ 2017 ድረስ ገቢ አድርገው እንዲያሳውቁ ጊዜ ሰጠ። ሶሮስ በዚህ መንገድ ያቆየው ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ ከግብር የሚቀነስለት አለ። የሁለቱ ዓመት መገጣጠም ድንገት አይመስለኝም። ይህ ግን ስጦታውን ውሸት አያደርገውም፦ ግብሩን ከፍሎ የቀረውን ለራሱ ቢያስቀር ኖሮ ከሰጠ በኋላ ከቀረው በብዙ ይበልጥ ነበር። በዓመቱ የሀብታሞች ዝርዝር ላይ ብዙ ደረጃ ወረደ።

ፈንዱም ቢሆን ከ2011 ጀምሮ የውጭ ሰው ገንዘብ አይዝም። አዲሱ የፋይናንስ ሕግ መመዝገብ ግድ ሲል የሌሎችን ድርሻ (ከ25 ቢሊዮኑ አንድ ቢሊዮን እንኳ አይሞላም) መልሶ የራሱን ቤተሰብ ሀብት ብቻ የሚያስተዳድር የቤተሰብ ቢሮ ሆነ። በ2022 መጨረሻ የፋውንዴሽኑን ሊቀመንበርነት ልጁ አሌክሳንደር ተረከበ።

ሚኪ_ጥርጣሬ

ስለ ናዚ ዘመን የሚወራውስ? «አይሁዶችን አሳልፎ ሰጠ» የሚል ቪዲዮ በየቀኑ ይላክልኛል።

የዋል_ስትሪት_አዛውንት

ጀርመኖች ሀንጋሪ የገቡት መጋቢት 19 ቀን 1944 ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነበር፣ ራሱም አይሁድ። አባቱ ቲቫዳር ሐሰተኛ የክርስቲያን ወረቀት አሠርቶ ቤተሰቡን በየቦታው በታተነ፤ ጆርጅን የክርስትና ልጄ ነው ብሎ የሚያስጠጋ የግብርና ሚኒስቴር ሠራተኛ ዘንድ አስቀመጠው። ሰውየው የተወረሰ ርስት ሊመዘግብ ሲሄድ አንድ ጊዜ ልጁን አስከትሎታል። ይኸው ነው። ቪዲዮውን የሚሠሩት ሰዎች የልጁን ዕድሜ ለምን እንደማይጠቅሱ እነሱን ጠይቅ።

ሰናይት_ፕሮጀክት

ለተግባር የሚጠቅም አንድ ነገር፤ በውስጥ መልእክት «የሶሮስን ፈንድ እንዴት ላመልክት» የምትሉኝ አላችሁ። ኦፕን ሶሳይቲ በአብዛኛው ያልጠራውን ማመልከቻ አይቀበልም፤ ሥራውን አይቶ ራሱ ይጋብዛል፣ ወይ ጥሪ ያወጣል። በ2023 ደግሞ ከሠራተኞቹ 40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስታውቆ ብዙ ፕሮግራሞች ተዘግተዋል፤ የድሮ የኢሜይል ዝርዝር ይዛችሁ አትድከሙ። «ወኪል ነን፣ ማስያዣ ክፈሉ» የሚል ካገኛችሁ አጭበርባሪ ነው፤ ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠየቅም።

የአገራችንን ሕግም አስታውሱ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ለጋሽ ዋና የሚፈልገው መስክ ደግሞ ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አነሳው። ለተማሪ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው፦ ሶሮስ በ1991 ያቋቋመው ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ። የሀንጋሪ መንግሥት በ2017 ባወጣው ሕግ ምክንያት ከቡዳፔስት ወደ ቪየና ተዛውሯል፤ ሕጉ ስህተት ነው ብሎ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 ሲፈርድ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ አልቋል። የድኅረ ምረቃ ስኮላርሺፖቹ በየዓመቱ በድረ ገጹ ይወጣሉ፤ ከሚጠየቁት አንዱ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ነው።

አቤል_ዘቦሌ

የሰፈሩ ክርክር ቀረ፦ ብርስ?

ወለድና_ዋና

አይቻልም። ያልኳችሁን ግዴታ አስታውሱ። የ1992ቱ ጨዋታ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የምትሸጠውን ገንዘብ በገፍ የሚያበድርህ፣ ነገ የምታስረክበውን ዛሬ የሚዋዋልህ የፎርዋርድ ገበያ፣ በታወጀ ዋጋ ያለ ገደብ የሚገዛህ ማዕከላዊ ባንክ።

ብር ላይ ሦስቱም የሉም። ውጭ ያለ ፈንድ ከኢትዮጵያ ባንክ በነጻነት ብር ተበድሮ ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣት አይፈቀድለትም። የአገር ውስጥ ነጋዴም ቢሆን ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2023 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ (ገደቡ ቆይቶ ከፍ ብሏል) ብድር ማግኘቱ ራሱ ፈተና ሆኖ ነበር። ከሐምሌ 29 ቀን 2024 በፊት ተመኑ የታሰረ ነበር፣ ዶላር 57 ብር ተኩል ገደማ፤ ግን በዚያ ዋጋ ማን ሸጠልህ? ወረፋ ነበር። የእንግሊዝ ባንክ ለመጣ ሁሉ ይገዛ ነበር፤ የኛው ዶላሩን በራሽን ነበር የሚሰጠው። የማይሸጥልህን ተከላካይ ማጥቃት አይቻልም፤ ጫናው ወደ ጥቁር ገበያው ነው የሚሄደው፣ የሄደውም እዚያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ተመኑ ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የተለቀቀ ተመን ወለል የለውም፤ ወለል ከሌለ ደግሞ ያ «ትንሽ አጥቼ ብዙ አገኛለሁ» የሚለው ስሌት ይፈርሳል፣ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ልትመታ ትችላለህና።

ትንሿ_ኢኮኖሚስት

አንድ እርማት ብቻ። በሥርዓት ሾርት ማድረግ አይቻልም እንጂ ሰው በየራሱ መንገድ ያደርገዋል። ብር ተበድሮ ብረታ ብረትና ሲሚንቶ መጋዘን የሚሞላ አስመጪ፣ የኤክስፖርት ዋጋውን አሳንሶ ሞልቶ ልዩነቱን ዱባይ የሚያስቀር ላኪ፣ ሐዋላውን ይዞ የሚቆይ ዳያስፖራ፤ ሁሉም ብር ይወርዳል ብሎ ተወራርዷል። የእዳው መክፈያ በብር፣ የያዘው ሀብት በዶላር ወይም በዕቃ። ከሶሮስ የሚለየው አንድም ተቋም ቁጥሩን ስለማይመዘግብ፣ ብሔራዊ ባንክም ከማን ጋር እንደሚታገል ስለማያውቅ ነው።

ወለድና_ዋና

በዚህ እስማማለሁ። ለአስመጪው ግን አደጋውን ጨምሪበት፦ ሲሚንቶ ሦስት ወር ከቆየ እየጠጠረ ይበላሻል፣ የባንኩ ወለድ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ይቆጥራል። የሶሮስ ማርክ መጋዘን አልተከራየም።